የዘር እርጥበት ምንድን ነው?

የዘር እርጥበት ማለት በዘሩ ውስጥ ያለው የውሃ መጠን ነው። 100 ግራም ዘር ውስጥ 12 ግራም ውሃ ካለ፣ እርጥበቱ 12 በመቶ ነው ይባላል። ለሚቀመጥ የአበባ ዘር ከ5 እስከ 8 በመቶ ቢሆን ይመረጣል።

ዘር ደርቆም ሕይወት አለው። ቀስ እያለ ይተነፍሳል። ውሃ ሲበዛበት አተነፋፈሱ ይፈጥናል፤ ስንቁን ቶሎ ይጨርሳል፤ ሻጋታም ይይዘዋል። በዘር አያያዝ የታወቀ መመሪያ አለ፦ ከ14 እስከ 5 በመቶ ባለው ውስጥ፣ እርጥበቱ በ1 በመቶ ሲቀንስ የዘሩ ዕድሜ በእጥፍ ገደማ ይረዝማል። የማስቀመጫው ሙቀት በ5 ዲግሪ ሲቀንስም እንደዚያው።

ደሴ ላይ ብዙ ሰው የሚሸወደው ማስቀመጡ ላይ ነው። የማሪጎልድ አበባው ራስ ኅዳር ላይ ደርቆ እጅ ላይ ይፈረፈራል። በቃ ደረቀ ተብሎ በወረቀት ተጠቅልሎ መደርደሪያ ላይ ይወጣል። ግን ዘር ከአየሩ ጋር ውሃ ይለዋወጣል። የበልጉ ዝናብና የሐምሌ ጉም ሲመጣ፣ በበጋ የተወውን ውሃ መልሶ ይጠጣል። ስለዚህ በልግ ሳይገባ አድርቆ፣ ክዳኑ ጥብቅ በሆነ ጠርሙስ መዝጋት ነው።

ሲደርቅም በጥላ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ፣ ሰፌድ ላይ ሳሳ ብሎ ይሰጣ። ቆርቆሮ ላይ ማስጣት ግን በፍጹም አልመክርም፤ በተለይ ከደሴ በምትሞቀው ኮምቦልቻ። ዘር ሲደርቅ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ የቀትር ቆርቆሮ ደግሞ ከዚያ በላይ ይግላል።

መድረቁን በምን እናውቃለን? ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ትንሽ ዘርና ደረቅ ጨው ጨምሩ። ክዳኑን ግጠሙና ደህና አድርጋችሁ ነቅንቁት። ትንሽ ቆይታችሁ እዩት። ጨው ከጠርሙሱ ግድግዳ ጋር ከተጣበቀ ዘሩ ገና እርጥብ ነው። ካልተጣበቀ ደግሞ ከ15 በመቶ በታች ወርዷል ማለት እንጂ ጨርሷል ማለት አይደለም። ያን ጊዜ ቀጭኗን የማሪጎልድ ዘር በጥፍራችሁ እጠፏት። ከተለመጠች መልሳችሁ አስጧት፤ ቀጭ ብላ ከተሰበረች ደርቃለች። ለሙከራ ጨው የነካውን ዘር ከሌላው ጋር አትቀላቅሉ።

ፍሪጅ ያለው ሰው ጠርሙሱን እዚያ ቢያኖረው ዘሩ ይሰነብትለታል። ለመዝራት ሲያወጣው ግን ወዲያው አይክፈተው። ጠርሙሱ የቤቱን ሙቀት እስኪይዝ ይጠብቅ፤ አለዚያ የክፍሉ እርጥበት ቀዝቃዛው ዘር ላይ ጤዛ ይሆናል።