ግራንድ ስላም ምንድን ነው?

ስለ ቴኒስ ሲወራ «እገሌ ይህን ያህል ግራንድ ስላም አለው» ሲባል ሳትሰሙ አትቀሩም። እዚህ ላይ የሚቆጠረው እያንዳንዱ ትልቅ ዋንጫ ነው። የመጀመሪያው ትርጉሙ ግን ከዚህ በጣም ይከብዳል። የአውስትራሊያን፣ የፈረንሳይን፣ የዊምብልደንንና የአሜሪካን ውድድር በአንድ ዓመት ውስጥ ጠራርጎ መውሰድ ነው። አንዱ ከጎደለ ግራንድ ስላም የለም።

ስሙ የመጣው ብሪጅ ከሚባለው የካርታ ጨዋታ ነው። ከቴኒስ ጋር የተያያዘው በ1933 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። አውስትራሊያዊው ጃክ ክሮውፎርድ ሦስቱን አሸንፎ ለአሜሪካው ውድድር ኒውዮርክ፣ ፎረስት ሂልስ ገባ። በፍጻሜው ከእንግሊዛዊው ፍሬድ ፔሪ ጋር ተገናኘ። በዙር፣ ማለትም ጨዋታው በሚከፈልባቸው ክፍሎች፣ 2 ለ 1 እየመራ ነበር። ከዚያ አቅሙ አለቀ። የቀሩትን ሁለት ዙሮች 6 ለ 0 እና 6 ለ 1 ተረታ።

ያኔ ነገሩን ያከበደው ጨዋታው ብቻ አይደለም። አውስትራሊያ የሚኬደው በመርከብ ነበር፤ መንገዱ ሳምንታት ይፈጃል። ስለዚህ ከታላላቆቹ ብዙዎቹ ጭራሽ አይሄዱም። ፈረንሳዊቷ ሱዛን ላንግለንና አሜሪካዊቷ ሔለን ዊልስ እዚያ ተወዳድረው አያውቁም። የዊልስ 19 የነጠላ ዋንጫዎች ከሦስቱ ውድድሮች ብቻ የተሰበሰቡ ናቸው። ለእኔ ይህ ቁጥሩን ይበልጥ ያገዝፈዋል።

አራቱን በአንድ ዓመት የጨረሰው የመጀመሪያ ሰው ዶን በጅ ነው፤ የኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ ልጅ። በ1937 ፕሮፌሽናል እንዲሆን ገንዘብ ቀርቦለት እምቢ አለ። በዚያ ዘመን ለገንዘብ የሚጫወት ሰው ከአራቱም ውድድሮች ይታገድ ነበር። በጅ ዕቅዱን ለጓደኛው ለጂን ማኮ ብቻ ነግሮ በ1938 ተነሳ። ዊምብልደንን አንድም ዙር ሳያስነካ ወሰደ። ፎረስት ሂልስ ላይ ከባድ አውሎ ነፋስ ፍጻሜውን ለቀናት አዘገየው። እና ተጋጣሚው ማን ሆነ? ራሱ ማኮ፣ የጥንድ ጨዋታ አጣማሪው! ማኮ ለጓደኛዬ ብሎ አልለቀቀለትም። ሁለተኛውን ዙር 8 ለ 6 ነጠቀው። በጅ በውድድሩ ሁሉ የተሸነፈው ያችን አንዷን ዙር ነው። ጨዋታው 3 ለ 1 አለቀ።

ከሴቶች ቀዳሚዋ የሳንዲያጎዋ ሞሪን ኮኖሊ ናት። በ1953 አራቱንም ስታሸንፍ ገና 18 ዓመቷ ነበር። በአራቱ ውድድሮች ተደምሮ የተሸነፈችው አንድ ዙር ብቻ ነው። በ1954 ዊምብልደንን ለሦስተኛ ጊዜ በተከታታይ አሸነፈች። ብዙም ሳይቆይ ፈረስ እየጋለበች ሳለ ከጭነት መኪና ጋር ተጋጭታ እግሯ ክፉኛ ተጎዳ። በ19 ዓመቷ ቴኒስ አከተመ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል።

ሁለት ጊዜ ያሳካው ወንድ አንድ ነው፤ አውስትራሊያዊው ሮድ ሌቨር። በ1962 አሸንፎ ፕሮፌሽናል ሲሆን እንደ ሌሎቹ ታገደ። በሩ ለሁሉም የተከፈተው በ1968 ነው። ሌቨር ተመልሶ በ1969 አራቱንም ደገማቸው። በታገደባቸው ዓመታት በምርጥ ዕድሜው ላይ ነበር፤ ስንት ዋንጫ እንዳመለጠው መገመት አያዳግትም።