የአትክልት ችግኝ ቅጠል መወየብ በወሎ

የችግኝ ቅጠል መወየብ ገና በመደብ፣ በትሬይ (ባለ ብዙ ጉድጓድ የችግኝ ማፍያ ሳህን) ወይም በጣሳ ላይ ያለ ለጋ ችግኝ አረንጓዴነቱን እያጣ ወደ ቢጫ የሚለወጥበት ሁኔታ ነው። ራሱን የቻለ በሽታ አይደለም። ሥሩን፣ አፈሩን፣ ውሃውን ወይም ብርሃኑን የነካ ችግር በቅጠል ላይ ሲወጣ ነው። በወሎ ቲማቲም፣ ቃሪያና በርበሬ፣ ቀይ ሽንኩርትና ጥቅል ጎመን በችግኝ ስለሚተከሉ ነገሩ ከቆቦ ሜዳ እስከ ደሴ ጓሮ ያለውን አልሚ ሁሉ ያገኘዋል። ቅጠል ሲወይብ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው ዩሪያ ነው። በወሎ ቆላና ወይና ደጋ ግን ቀድሞ መታየት ያለበት ውሃውና የአፈሩ ኖራማነት ነው፤ የማዳበሪያው ተራ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ችግኝ ማፍላት በወሎ

የመስኖ አትክልት በስፋት የሚለማው በሰሜን ወሎ የቆቦ-ጊራና ሸለቆ ነው። ሸለቆው ከጎሊና፣ ከሆርማትና ከአላውሃ ወንዞች በተጨማሪ የከርሰ ምድር ውሃ ያለበት ሲሆን፣ ከጥልቅ ጉድጓድ በፓምፕ የሚወጣው ውሃ በቱቦና በጠብታ መስኖ ጭምር ማሳ ይደርሳል። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ስሙ የተነሳ አገር ዛሬ በበጋ ቲማቲምና ሽንኩርት ጭኖ ወደ ሌላ ገበያ የሚልክ መሆኑ የአርሶ አደሩን ብርታት ያሳያል። በሀብሩ የመርሳና የጊራና አካባቢ፣ በደቡብ ወሎ ደግሞ ቃሉና ሐይቅ ዙሪያ ተመሳሳይ ልማት አለ። በደጋው ነጭ ሽንኩርት በቀጥታ ስለሚተከል የችግኝ ነገር እምብዛም አይነሳም።

ለበጋው መስኖ ችግኝ የሚፈላው ከመስከረም ጀምሮ ነው። በዝናብ የሚለማው በርበሬ መደብ ላይ የሚዘራው ግን በሚያዝያና በግንቦት ሲሆን፣ ክረምቱ ሲገባ ወደ ማሳ ይዛወራል። የተለመደው መደብ 1 ሜትር ስፋትና 5 ሜትር ርዝመት አለው። ዘሩ በ15 ሴንቲ ሜትር በተራራቁ መስመሮች ከ0.5 እስከ 1 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ተዘርቶ በሣር ጉዝጓዝ ይሸፈናል። ቲማቲም በሳምንት ገደማ ይበቅላል፤ ቃሪያና በርበሬ እስከ ሁለት ሳምንት ሊወስዱ ይችላሉ። ችግኙ ብቅ ብቅ ማለት እንደጀመረ ጉዝጓዙ ወዲያው መነሳት አለበት። ሦስት አራት ቀን ከዘገየ ችግኙ ከጉዝጓዙ ሥር ነጥቶና ቀጥኖ ስለሚወጣ ብዙዎች ይህንን የማዳበሪያ እጥረት ይመስላቸዋል። ለማዛወር ቲማቲም ከ25 እስከ 30 ቀን፣ ሽንኩርትና በርበሬ ከ45 እስከ 60 ቀን ይቆያሉ።

በብዛት የሚፈሉት ከመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጡት መልካ ሾላና መልካ ሳልሳ ቲማቲሞች፣ ማረቆ ፋና በርበሬ፣ እንዲሁም ቦምቤ ሬድና አዳማ ሬድ ሽንኩርቶች ናቸው። የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ስሙ ከማሽላ ጋር ቢያያዝም ለምሥራቁ ወሎ ቆላ የተመቸውን በመለየት ባለውለታ ነው።

ቢጫው ከየት ጀመረ?

መድኃኒት ከመፈለግ በፊት ችግኙን ጎንበስ ብሎ ከታች ወደ ላይ ማየት ያስፈልጋል። ከዘሩ ጋር የወጡት ሁለቱ የመጀመሪያ ቅጠሎች፣ ከነሱ ቀጥሎ የሚወጣው እውነተኛ ቅጠል ሦስትና አራት ከሆነ በኋላ ቢወይቡና ቢረግፉ የተፈጥሮ ነው፤ ቀለባቸውን ጨርሰዋል። ገና አንድ እውነተኛ ቅጠል ሳይወጣ ከወየቡ ግን ሥሩ ታሞ ሊሆን ይችላል።

ናይትሮጅን ሲጎድል ተክሉ ከአሮጌው ቅጠል ወስዶ ለአዲሱ ስለሚሰጥ ቢጫው ከታች ይጀምራል፤ ቅጠሉም ከነደም ሥሩ እኩል ይነጣል። ማግኒዥየም ሲጎድልም የሚጀምረው ከታች ቅጠል ነው፤ ነገር ግን የደም ሥሩ አረንጓዴ ሆኖ መካከሉ ብቻ ይወይባል። ፖታሲየም ሲጎድል የታችኛው ቅጠል ጠርዝ ይቃጠላል። ብረት በተክሉ ውስጥ ከቦታ ቦታ ስለማይዛወር የሱ ጉድለት የሚታየው ከላይ፣ በለጋው ቅጠል ላይ ነው፤ ቀጫጭን አረንጓዴ ደም ሥሮች በቢጫ መሬት ላይ እንደ መረብ ይዘረጋሉ። ድኝ ሲጎድልም ለጋው ቅጠል ይወይባል፤ ያ ግን ደም ሥሩን አይለይም። የታችኛውና የላይኛው ባንድ ጊዜ ከወየቡና ችግኙ ከጠወለገ ንጥረ ነገሩን ትቶ ሥሩን መመልከት ይገባል።

ለዚህ ከመደቡ ዳር አንድ ችግኝ ከነአፈሩ በማንኪያ አውጥቶ ሥሩን በውሃ ማጠብ ነው። ነጭና ጠንካራ ሥር ጤነኛ ነው። ቡናማ፣ ሙልጭልጭ ያለና ሲጎትቱት ቆዳው ተገፎ ክር የሚቀር ከሆነ በስብሷል።

ውሃ

የሸለቆው ዋልካ አፈር ውሃ ሲጠጣ ይዘጋል። ሥር የሚተነፍሰው በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ባለው አየር ስለሆነ ያ ክፍተት በውሃ ከሞላ ሥሩ ይታፈናል፤ የታፈነ ሥር ደግሞ አፈሩ ውስጥ ያለውን ናይትሮጅንና ብረት መሳብ አይችልም። ቅጠሉም እየወየበ በቀትር ይጠወልጋል። ጠውልጎ የታየው ችግኝ ውሃ ጠምቶት ነው ተብሎ እንደገና ይጠጣል፤ ከሁሉ የከፋው ስህተት ይህ ነው።

ጣትን እስከ 2 ሴንቲ ሜትር አፈሩ ውስጥ መክተት በቂ ምርመራ ነው። አፈሩ ጣት ላይ ከተጣበቀ አይጠጣም። ከመብቀሉ በፊት መደቡ ጠዋትና ማታ በወንፊት ማጠጫ ቀለል ተደርጎ ይረጠባል፤ ከበቀለ በኋላ ጠዋት አንዴ፣ ሁለተኛው እውነተኛ ቅጠል ከወጣ ወዲህ እንደ ፀሐዩ በሁለት ቀን አንዴ ይበቃል። በዋልካ ላይ መደቡ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ መሠራት አለበት። ለትሬይ ወይም ለጣሳ ሁለት እጅ የላይ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰለ ብስባሽና አንድ እጅ የወንዝ አሸዋ ተነፍቶ ይደባለቃል። ጣሳው ከታች ቢያንስ አራት ቀዳዳ ሊኖረው ይገባል፤ አንድ ቀዳዳ ብቻ ከሆነ በአንድ ጠጠር ሊደፈን ይችላል።

ውሃ የበዛበት መደብ ለሦስትና አራት ቀን ሳይጠጣ ቆይቶ የመስመሩ መካከል በቀጭን እንጨት ሲጫር አብዛኛው ይመለሳል። ግንዱ አፈሩ ወለል ላይ ቀጥኖና ጠቁሮ የተኛው አይመለስም። ያንን ከነዙሪያው አፈር አንስቶ ከመደቡ ማራቅ፣ ቀሪውን ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር አራርቆ ማሳሳትና ነፋስ እንዲያገኘው ማድረግ ያስፈልጋል።

ኖራማ አፈርና የብረት ጉድለት

ከተራራው እየተጠረገ የወረደው የሸለቆው ደለል ለም ነው። ኬሚስትሪው ግን ከገለልተኛ ወደ አልካሊ ያዘነብላል። አትክልት የሚወደው ፒኤች (የአሲድነትና የአልካሊነት መለኪያ) ከ6.0 እስከ 6.8 ነው። ከ7.5 ሲያልፍ አፈሩ ውስጥ ያለው ብረት ሥር ሊስበው ወደማይችል ውህድ ይለወጣል። ስለዚህ ብረት ሞልቶ ችግኙ ብረት ይራባል። በዚህ ላይ ከጉድጓድ የሚወጣው ውሃ ባይካርቦኔት የተባለው አልካሊ ማዕድን ካለው በየቀኑ በሚጠጣው መጠን የጣሳውን አፈር ይበልጥ አልካሊ ያደርገዋል። ማሳ ላይ ያለ ተክል ሥሩን አርቆ ሊፈልግ ይችላል፤ አንድ ጭብጥ አፈር ውስጥ ያለ ችግኝ ግን መሄጃ የለውም፤ ጉዳቱም ፈጥኖ ይታይበታል።

ኖራ መኖሩን ለመለየት ደረቅ አፈር በማንኪያ ወስዶ ጥቂት ኮምጣጤ ማንጠብጠብ ነው። ከተንጨረጨረና አረፋ ካወጣ ካርቦኔት አለበት። በማጠጫውና በጣሳው አፍ ላይ የሚጋገር ነጭ ቅርፊትም ውሃው ማዕድን የበዛበት መሆኑን ይናገራል። የፒኤች ወረቀት የተገኘ እንደሆነ አንድ እጅ አፈር በሁለት ተኩል እጅ ንጹሕ ውሃ በጥብጦ፣ ግማሽ ሰዓት አቆይቶ፣ ከላይ የጠለለውን መለካት ይቻላል።

በዚህ አፈር ላይ የምድጃ አመድ መበተን ስህተት ነው። አመድ ፖታሲየም ያለው መሆኑ እውነት ቢሆንም አልካሊነቱ የብረቱን ችግር ያብሳል። አሲዳማ በሆነ የደጋ አፈር ላይ የሚረዳ ልማድ ቆቦ ላይ ይጎዳል። የሰው ሽንትን እንደ ማዳበሪያ ስለመጠቀም አስተያየቱ የተለያየ ነው፤ በአሥር እጅ ውሃ አቅጥነው የሚጠቀሙ አሉ፣ ጨው ያበዛል የሚሉም አሉ።

ፈጣኑ መፍትሔ በቅጠል መርጨት ነው። 1 ግራም ፌረስ ሰልፌት (በውሃ የሚሟሟ የብረት ጨው) በ1 ሊትር ውሃ ተበጥብጦ ፀሐይ ካዘቀዘቀ በኋላ በደቃቅ ጭስ መልክ ይረጫል፤ በሳምንቱ ይደገማል። የተረጨው ቅጠል ሲያረነጉድ ከዚያ ወዲያ የሚወጣው አዲስ ቅጠል እንደገና ሊወይብ ይችላል፤ ብረት ስለማይዛወር ነው እንጂ መድኃኒቱ ከሽፎ አይደለም። በአፈር የሚሰጥ ኬሌት፣ ማለትም ብረቱን ሥር እንዲስበው አቅፎ የሚይዝ ውህድ፣ የሚገዛ ሰው ደግሞ መለያውን ያንብብ። ኤዲቲኤ የተባለው ፒኤች ከ6.5 በላይ ሲሆን ብረቱን ይለቃል፤ ዲቲፒኤ እስከ 7.5 አካባቢ ይይዛል፤ ለኖራማ አፈር የሚሆነው ኤዲዲኤችኤ ነው። ስያሜውን ሳያዩ «ብረት ነው» ተብሎ የተገዛው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ዓይነት ስለሚሆን ገንዘቡ አፈር ውስጥ ይቀራል።

ዘላቂው መፍትሔ ውሃውን መለወጥ ነው። ከቆርቆሮ ጣሪያ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ባይካርቦኔት የለውም ማለት ይቻላል፤ ለጥቂት ትሬይ አንድ በርሜል ብዙ ቀን ይቆያል። ያ ከሌለ የጉድጓዱን ውሃ በሎሚ ማለዘብ ይቻላል። በ20 ሊትር ጀሪካን ላይ የሎሚ ጭማቂ ጥቂት በጥቂት እየተጨመረ ወረቀቱ ከ6 እስከ 6.5 ሲያሳይ ይቆማል። የሎሚ አሲድ አፈር ውስጥ ባሉ ረቂቅ ሕዋሳት ፈጥኖ ስለሚበላ አንዴ አድርጎ መተው አይጠቅምም፤ በየማጠጫው መደረግ አለበት።

ናይትሮጅንና ያልበሰለ ፍግ

ውሃውና ኖራው ታይቶ ቢጫው በእርግጥ ከታች ቅጠል የጀመረ ከሆነ ናይትሮጅን ይሰጠዋል። ለ1 ካሬ ሜትር መደብ 10 ግራም ዩሪያ፣ ማለትም ለጥ ብሎ የተሰፈረ ሁለት ተኩል የሻይ ማንኪያ፣ በ10 ሊትር ውሃ ሟሙቶ ጠዋት ይጠጣል። ወዲያውም ቅጠሉ በንጹሕ ውሃ መታጠብ አለበት፤ ካልታጠበ ጠርዙ ይቃጠላል። ከአራት እስከ ሰባት ቀን ባለው ጊዜ ያረነጉዳል። ካላረነጉደ መጠኑን አይጨምሩ፤ ምርመራው ስቷልና ወደ ሥሩ ይመለሱ። ኤንፒኤስ (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ድኝ ያለበት ማዳበሪያ) ዘሩ ሲዘራ ከመደቡ አፈር ጋር በካሬ ሜትር 20 ግራም ይቀላቀላል እንጂ ከላይ አይበተንም።

ትኩስ ፍግ አሞኒያ ስለሚያወጣ ለጋ ሥር ያቃጥላል። ጭድ የበዛበት ያልበሰለ ብስባሽ ደግሞ በተቃራኒው ያስርባል፤ ጭዱን የሚያበሰብሱት ረቂቅ ሕዋሳት ናይትሮጅኑን ለራሳቸው ይወስዳሉ። የበሰለ ብስባሽ ጠቁሮ ይፈረፈራል፣ የአፈር ሽታ አለው፣ እጅ ሲከቱበትም አይሞቅም። በኮኮ ፒት (የኮኮናት ልጣጭ ብናኝ) የሚፈላ ችግኝ ከቁሱ የሚያገኘው ምግብ እጅግ ጥቂት ስለሆነ አንደኛው እውነተኛ ቅጠል እንደወጣ መመገብ ይፈልጋል።

በደሴ ቤት ውስጥ

ቆቦ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ሲሆን ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ነው። በጦሳ ተራራ ግርጌ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው የሌሊት ብርድ ቃሪያን ከቤት እንዲፈላ ያስገድደዋል። የቃሪያ ዘር በደንብ የሚበቅለው አፈሩ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሲሞቅ ነው። አፈሩ ከ15 ዲግሪ በታች ሲወርድ ሥሩ መሳብ ይቀንሳል፤ ቅጠሉ ይወይባል፣ የቅጠሉ ጀርባም ፎስፈረስ ስላጣ ወደ ወይን ጠጅ ይሄዳል። ጣሳውን በሲሚንቶ ወለል ወይም በመስኮት ድንጋይ ላይ ማሳደር ለዚህ ዋና ምክንያት ነው። በእንጨት ወይም በወፍራም ካርቶን ላይ ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ፣ የሚያጠጡበትንም ውሃ ከቤት ውስጥ ማሳደር ይረዳል።

በአንድ መስኮት የሚገባ ብርሃን አይበቃም። ችግኙ ወደ መስኮቱ ይዘማል፣ አንገቱ ይረዝማል፣ መልኩ ይነጣል። ነጭ የኤልኢዲ መብራት ከችግኙ አናት ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት ቢበራ ይስተካከላል። ከዚያ ከቀረበ ደግሞ አናት ላይ ያለው ቅጠል ብቻ ይነጣል፤ ከብረት ጉድለት የሚለየው ከመብራቱ ሥር ያለው ችግኝ ብቻ መጎዳቱና የዳሩ ደህና መሆኑ ነው።

ተባይና ቫይረስ

ቢጫው ነጠብጣብ ወይም ጥምዝምዝ ካለው የቅጠሉን ጀርባ ማየት ነው። ክሽክሽ ቅጠል ይጨማድዳል፣ ማር የመሰለ ፈሳሽ ይጥላል። ቀይ ሸረሪት ቅጠሉን በደቃቁ ያዥጎረጉራል፣ ድርም ያደራል። ነጭ ዝንብ በቲማቲም ላይ ቅጠል የሚያወይብና ወደ ላይ የሚጠቀልል ቫይረስ ያስተላልፋል፤ የያዘው ችግኝ መድኃኒት ስለሌለው ተነቅሎ ይቃጠላል። መደቡን ከመጀመሪያው በደቃቅ መረብ መሸፈን ከመርጨት ይሻላል።

የሽንኩርት ችግኝ ጫፉ ብቻ ሲወይብ በመጀመሪያ ቅጠሎቹ የሚገናኙበትን አንገት ከፍቶ ትሪፕስ የተባለው ደቃቅ ተባይ መኖሩን ማየት፣ ከሌለ የጨው መብዛትን መጠርጠር ይገባል። ጨው የበዛበት ጣሳ በይዘቱ ሁለትና ሦስት እጥፍ ንጹሕ ውሃ አንዴ ይታጠባል፤ ከዚያም ጨርሶ እስኪጠነፍፍ ሳይጠጣ ይቆያል።

ለማዛወር የተቃረበ ችግኝ ውሃውና ጥላው ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ድረስ በጥቂት በጥቂቱ ሲቀነስበት መልኩ ትንሽ ይገረጣል፣ ግንዱም ይጠነክራል። ይህ መለማመዱ ስለሆነ በዚያ ሰሞን ዩሪያ አይሰጠውም፤ የተሰጠው ለምልሞ ይወጣና ማሳ ላይ በመጀመሪያው ቀትር ይተኛል።