ከደሴት ወደ ደሴት በካያክ

ካያክ ሲጀመር የመዝናኛ ጀልባ አልነበረም። የአርክቲክ ሕዝቦች የእንጨት ወይም የአጥንት አጽም ላይ አቆስጣ የተባለውን የባህር እንስሳ ቁርበት ወጥረው ለአደን የሚወጡበት ነበር። ዛሬ ከፕላስቲክ ወይም ከፋይበርግላስ ይሠራል እንጂ ቅርጹ ብዙም አልተለወጠም። የባህሩ ካያክ 5 ሜትር አካባቢ ርዝመት ያለው፣ ጠባብ ነገር ነው። ከፊትና ከኋላ ውሃ የማያስገቡ ክፍሎች አሉት፤ ከደሴት ወደ ደሴት ለቀናት ሲጓዙ ድንኳኑም ምግቡም ምድጃውም እዚያ ይገባል። ከባድ ዕቃ ወደ መሃልና ወደ ታች ነው፣ አለዚያ ጀልባው ሚዛን ያጣል።

ብዙ ሰው በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በቀን ደግሞ ከ15 እስከ 25 ይቀዝፋል። ይሄ እንግዲህ ወረቀት ላይ ነው። ባህሩ የራሱ ሰዓት አለው። በአብዛኛው የባህር ዳርቻ ውሃው በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ ከሙላት እስከ ጉድለት ከ6 ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። ያ ሁሉ ውሃ በሁለት ደሴቶች መሃል ባለ ጠባብ መተላለፊያ ሲያልፍ ወንዝ ይሆናል፣ አብራችሁት ከሄዳችሁ በነጻ ይወስዳችኋል፣ ከተጋፈጣችሁት ግን ቀዝፋችሁ ቀዝፋችሁ ቀና ስትሉ ያው ድንጋይ አጠገባችሁ ነው። ነፋሱ በተቃራኒው ከመጣ ደግሞ ማዕበሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚበረታ ልምድ ያላቸው ጎህ ሲቀድ ይነሳሉ። ትርፍ ቀን ሳይዙ መውጣት፣ እንደኔ፣ ሞኝነት ነው፤ ቀኑ ያለቀበት ሰው መጥፎ ባህር ውስጥ ይገባል።

ልብስ የሚመረጠው በአየሩ ሳይሆን በውሃው ነው። ፀሐይ እየጠበሰችም ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው መጀመሪያ ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ ከዚያ እጁ አልታዘዝ ይላል። ስለዚህ ውሃ ላይ የሚያንሳፍፈው ላይፍ ጃኬት አይወልቅም፤ ተገልብጦ መልሶ መግባትም ከጉዞው በፊት ይለመዳል። ለአደጋ ጥሪ ጀልባዎች የሚነጋገሩበት የቪኤችኤፍ ሬዲዮ ቻናል 16 አለ።

የት ይኬዳል ካላችሁ፣ በአሜሪካ በሜይን ግዛት ያለው የደሴቶች መስመር እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ ለዚሁ የተዘጋጀ ነው። በስዊድን የስቶክሆልም ደሴቶች ወደ 30,000 ይጠጋሉ፤ ሕጉም ከሰው ቤት ራቅ ብሎ ለአንድ ሌሊት ድንኳን መትከል ይፈቅዳል። ወፎች በሚፈለፍሉበት ወቅት ግን አንዳንዶቹ ደሴቶች ዝግ ናቸው።

ትንንሽ ደሴቶች ላይ የሚጠጣ ውሃ አይገኝም፣ ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ያህል ይጫናል። ማታ ደግሞ ካያኩን ከውሃው የሙላት ምልክት በላይ ጎትቶ ማሰር ነው። ድካም አሸንፏችሁ ከተዋችሁት፣ ጠዋት እናንተ ደሴት ላይ፣ እሱ ባህር ላይ።