«እወድሻለሁ» ያለው ማን ነው? ሴት የሚያፈቅሩ ሴቶችና ንባብ በድሬዳዋ

ሴት የምታፈቅር ሴት መጽሐፍ ስትገልጥ የምትፈልገው ሁሉም አንባቢ የሚፈልገውን ነው፤ እሷን የሚመስል ሰው። ሌላው ሳይፈልግ ያገኘዋል። እሷ ፈልጋም ታጣዋለች። ድሬዳዋ ላይ ደግሞ ፍለጋው ድምፅ የለውም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 በተመሳሳይ ፆታ መካከል የሚፈጸም ግንኙነትን በቀላል እስራት ያስቀጣል። ከሕጉ በፊት ግን ቤተሰብ አለ፣ ጎረቤት አለ።

ለዚህ ዓይነት ንባብ ስልክ ይመቻል። ፒዲኤፉ በቴሌግራም ይመጣል። ቀትር ላይ የከዚራ ሰፈር በሙቀት ጭር ሲል፣ ቤተሰቡም ጋደም ሲል፣ የስክሪኑ ብርሃን ዝቅ ይላል። የታተመ መጽሐፍ ከሆነ ደግሞ እንደ ተማሪ ደብተር በጋዜጣ መለበጥ ነው።

በአማርኛስ ምን አለ? የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ በ1900 ዓ.ም. ሮም የታተመው የአፈወርቅ ገብረኢየሱስ ሥራ ነው፤ ዛሬ «ጦቢያ» በሚል ስም ይታወቃል። ጦቢያ እንደ ወንድ ለብሳ ትጓዛለች። የአንድ ንጉሥ ዘመድ የሆነች ሴት ታያትና ወንድ መስላት በፍቅሯ ትነደፋለች። በኋላ የጦቢያ ሴትነት ይገለጣል፤ ንጉሡም ያገባታል። የዚያች ሴት ፍቅር እንደ ስህተት ይታለፋል። አፈወርቅ የሁለት ሴቶችን ፍቅር ሊጽፉ ተነሱ ማለት ማጋነን ይሆናል። ቢሆንም ሴት በሴት ፊት ልቧ የቀለጠበት ገጽ እዚያው፣ መጀመሪያው መጽሐፋችን ውስጥ አለ። ጸሐፊው በኋላ ድሬዳዋ ላይ ነጋድራስ ሆነው ጉምሩኩን መርተዋል።

ሌላው መጠጊያ ሰዋስው ነው። እኔ በጣም የምወደውም ይሄን ነው። «እወድሻለሁ» የሚለውን ቃል እንየው። «ሽ» የምትወደደው ሴት መሆኗን ትናገራለች። የሚወደው ወንድ ይሁን ሴት ግን ቃሉ አይናገርም። «እኔ» በአማርኛ ፆታ የለውም። ወንድ ለሴት የጻፈውን የፍቅር ግጥም አንዲት ሴት ጮክ ብላ ብታነበው ብዙ ጊዜ አንድም ፊደል መቀየር አያስፈልጋትም። የሰማ ሰውም ግጥም አነበበች ነው የሚለው።

በሌላው ዓለምም መንገዱ አልጋ በአልጋ አልነበረም። ሴት ስለምታፈቅር ሴት የሚተርከው የእንግሊዛዊቷ ራድክሊፍ ሆል ልብ ወለድ «የብቸኝነት ጉድጓድ» እ.ኤ.አ. በ1928 እንግሊዝ ውስጥ በፍርድ ቤት ታገደ። አሜሪካዊቷ ፓትሪሺያ ሃይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1952 «የጨው ዋጋ» የተባለውን ልብ ወለድ ያሳተመችው በብዕር ስም ነው። በታሪኩ የሚፋቀሩት ሁለት ሴቶች መጨረሻ ላይ አልሞቱም፣ አልተለያዩም። በርካሽ ኅትመት ሲወጣ ከአንባቢዎች በሳምንት ሁለት ጊዜ ያህል አሥርም አሥራ አምስትም ደብዳቤ ይመጣላት ጀመር፤ ይህም ለወራት ቀጠለ። መጽሐፉን በራሷ ስም ያወጣችው ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ ነው።

ለእኛ የሚቀርበው ግን የኡጋንዳዋ ሞኒካ አራክ ደ ኒዬኮ «የጃምቡላ ዛፍ» ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ለአፍሪካ ጸሐፊዎች የሚሰጠውን የኬይን ሽልማት ያገኘ አጭር ልብ ወለድ ነው። አንያንጎ የምትባለው ተራኪ ለምትወዳት ለሳንዩ ትናገራለች፤ ሁለቱም የአንድ ሰፈር ልጆች ናቸው። ጎረቤት ያያቸዋል፣ ወሬው ይዛመታል፣ ይለያያሉ። የተጻፈው በእንግሊዝኛ ስለሆነ «ዩ» (you) የሚለው ቃል ፆታ አይለይም። ወደ አማርኛ ሲመለስ ግን እያንዳንዱ «ዩ» «አንቺ» ይሆናል፤ በየዓረፍተ ነገሩ፣ እስከ መጨረሻው ገጽ።