ባለ ሁለት ፖርት ኔትወርኮችን ማገናኘት

ባለ ሁለት ፖርት ኔትወርክ አንድ ጥንድ ጫፍ ለመግቢያ፣ አንድ ጥንድ ጫፍ ለመውጫ ያለው የኤሌክትሪክ ሰርኪዩት ነው፤ እያንዳንዱ ጥንድ ፖርት ይባላል። ፊልተር፣ ማጉያ፣ ትራንስፎርመር፣ የኃይል ማስተላለፊያ መስመር ሁሉ በዚህ ዓይን ይታያሉ። ሰርኪዩቱ ሊኒየር ከሆነና (ማለትም የሚገባው በእጥፍ ሲያድግ የሚወጣውም በእጥፍ ካደገ) በውስጡ ራሱን የቻለ ምንጭ ከሌለ፣ የቱንም ያህል ቢወሳሰብ የሁለቱን ፖርቶች ቮልቴጅና ከረንት ለማያያዝ አራት ቁጥሮች ይበቃሉ። ቁጥሮቹ በዜድ፣ በዋይ፣ በኤች፣ በጂ ወይም በኤቢሲዲ ማትሪክስ፣ ማለትም በረድፍና በአምድ በተደረደረ የቁጥር ሰንጠረዥ፣ ሊጻፉ ይችላሉ። ምርጫውን የሚወስነው ኔትወርኮቹ የሚያያዙበት መንገድ ነው።

ሁለቱም ፖርቶች በሲሪየስ ከተያያዙ ከረንቱ የጋራ ሆኖ ቮልቴጁ ስለሚደመር የዜድ ማትሪክሶች ይደመራሉ። ሁለቱም በፓራለል ከሆኑ ቮልቴጁ የጋራ ሆኖ ከረንቱ ስለሚደመር ዋይ ይደመራል። መግቢያው በሲሪየስ መውጫው በፓራለል ሲሆን ኤች፣ ሲገላበጥ ደግሞ ጂ።

የአንዱ መውጫ ለሌላው መግቢያ ሲሆን ካስኬድ ይባላል፤ እዚህ ላይ የኤቢሲዲ ማትሪክሶች ይባዛሉ። በመስመሩ ላይ 10 ኦም፣ ከእሱ ቀጥሎ በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ሌላ 10 ኦም ያለው ሰርኪዩት እንውሰድ። ኤ 2፣ ቢ 10 ኦም፣ ሲ 0.1 ሲመንስ፣ ዲ 1 ይሆናል። ኤ የመግቢያው ቮልቴጅ ክፍት ለሆነው መውጫ ቮልቴጅ ሲካፈል የሚገኘው ስለሆነ፣ መውጫው ክፍት ሲሆን ቮልቴጁን በግማሽ ይቀንሳል ማለት ነው። ሁለት እንዲህ ያሉ ሰርኪዩቶች በካስኬድ ሲያያዙ ብዙ ተማሪ ሩብ ይደርሳል ብሎ ይገምታል። ማትሪክሶቹ ሲባዙ ግን አዲሱ ኤ 5 ይሆናል፤ 10 ቮልት ቢገባ የሚወጣው 2.5 ሳይሆን 2 ቮልት ነው። ሁለተኛው ሰርኪዩት ከመጀመሪያው ከረንት እየሳበ ይጭነዋልና። የማባዛቱ ቅደም ተከተልም አይቀያየርም፦ ሁለቱን ሬዚስተሮች ቦታ ብናለዋውጥ ኤ 1፣ ዲ 2 ይሆናል።

ለፓራለሉ ጥሩ ምሳሌ መንታ ቲ የሚባለው ፊልተር ነው፤ ሁለት የቲ ቅርጽ ያላቸው ሰርኪዩቶች ጎን ለጎን ተያይዘው አንድ ፍሪኩዌንሲ ያጠፋሉ። የአንዱ ቲ ክንዶች 31.8 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች፣ እግሩ 0.2 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር፤ የሌላው ክንዶች 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተሮች፣ እግሩ 15.9 ኪሎ ኦም ቢሆን የሚጠፋው 50 ኸርዝ አካባቢ ያለው ነው፤ ከመብራት መስመር ሾልኮ ድምፅ ማጉያ ውስጥ የሚያንጎራጉረው።

ስሌቱ ቀላል ነው፤ ስህተቱ የሚገባው በፖርት ሁኔታ ላይ ነው። በአንዱ ጫፍ የገባው ከረንት በዚያው ፖርት ሌላኛ ጫፍ ካልወጣ መደመሩ ዋጋ የለውም። ከታች አንድ የጋራ ሽቦ ያላቸውን ሁለት ቲዎች በፓራለል ማያያዝ ችግር የለውም። በሲሪየስ ሲደረደሩ ግን የላይኛው የጋራ ሽቦ የታችኛውን ቲ ሁለት የላይ ጫፎች ያገናኛቸዋል፤ መግቢያና መውጫው ይቀላቀላል። ይህን አስቀድሞ ለማወቅ የሚያገለግለው ፍተሻ የብሩን (Brune) ፍተሻ ይባላል። ሁኔታው ካልተሟላ በአንዱ ፖርት ላይ አንድ ለአንድ የሆነ መለያ ትራንስፎርመር ይገባል፤ ማትሪክሶቹም ያኔ ይደመራሉ።