«ግስን ከገለጸ ተውሳከ ግስ ነው» የሚሉት ነገር

አማርኛ አስተምራለሁ። «ግስን የሚገልጽ ቃል ሁሉ ተውሳከ ግስ ነው» የሚለውን ከተማሪም፣ ከወላጅም፣ ከመምህርም እሰማለሁ። እውነቴን ነው፣ ሰልችቶኛል። ቃሉ በዓረፍተ ነገር ውስጥ የሚሠራው ሥራ ሌላ፣ የቃል ክፍሉ (ስም፣ ግስ፣ ቅጽል መሆኑ) ሌላ ነው።

«ልጁ በፍጥነት ሮጠ» የሚለውን እንይ። «በፍጥነት» እንዴት እንደሮጠ ይነግረናል። እስከዚህ ልክ ነው። ግን «ፍጥነት» ስም ነው፤ «ፍጥነቱን ቀነሰ» እንላለን። «በ» ደግሞ እንደ «ከ» ከስም ፊት የሚገባ መስተዋድድ ነው። ካላመናችሁ መሃላቸው ቅጽል አስገቡ፦ «በከፍተኛ ፍጥነት ሮጠ»። አንድ ቃል ቢሆን ኖሮ መሃሉ እንዲህ አይከፈትም ነበር። ስለዚህ ሐረግ ነው። ግሱን ስለገለጸ ብቻ ተውሳከ ግስ አይሆንም። «በጣም»ን በዚሁ መንገድ ሞክሩት። «በትልቅ ጣም» አይባልም። እሱ ተጣብቆ ቀርቷል፤ ዛሬ የሚያገለግለው እንደ አንድ ቃል ነው።

«ትናንት መጣች» ሲባልም «የጊዜ ተውሳከ ግስ» ተብሎ ይታለፋል። «ከትናንት ጀምሮ»፣ «የትናንቱ ስብሰባ»፣ «ትናንትን ረሳ» እንላለን አይደል? መስተዋድድ ይቀበላል፣ «ን» ይቀበላል። ጠባዩ የስም ነው። አሁን «ክፉኛ ታመመ» የሚለውን ውሰዱ። «የክፉኛ»፣ «ክፉኛን»፣ «ክፉኛዎች» የሚል ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልሰማሁም። ተውሳከ ግስ ማለት እንዲህ ያለው ነው። «ምንኛ»ም ከዚሁ ወገን ነው። በአማርኛ እንዲህ ያሉት ቃላት ጥቂት ናቸው፤ ቁጥራቸውን የሚያበዛው በስምና በመስተዋድድ የተሠራውን ሁሉ እዚያው መክተታችን ነው።

በጣም የሚያናድደኝ ግን የ«ፈጥኖ» ጉዳይ ነው። አንድ ተማሪዬ «እናቴ ፈጥና መጣች» ከሚለው ውስጥ «ፈጥና»ን አስምሮበት «ተውሳከ ግስ» ብሎ ጽፏል። ከዚያ በፊት ያስተማረው ሰው ደግሞ ልክ ነው ብሎ አርሞለታል! «አንተ ብትሆንስ?» አልኩት። «ፈጥኜ መጣሁ።» «እነሱስ?» «ፈጥነው መጡ።» ወዲያው ገባው። ባለቤቱ ሲለወጥ አብሮ የሚለወጥ ቃል ግስ ነው። «ቀስ ብሎ»፣ «ቀስ ብዬ»፣ «ቀስ ብለሽ» የሚባለውም እንደዚያው።

እዚህ ላይ «ደግሞ» ጥሩ ማሳያ ነው። «ደግሜ ነገርኩት» ስል ግስ ነው፤ ነገሩን የደገምኩት እኔ ነኝ። «እኔ ደግሞ እሄዳለሁ» ስል ግን «ደግሜ» አላልኩም። ባለቤቱ እኔ ብሆንም ቃሉ አልተለወጠም። ከግስነት ወጥቷል ማለት ነው።

መምህራን፣ እባካችሁ ልጆቹን ሁለት ጥያቄ ለየብቻ ጠይቋቸው። መጀመሪያ «ቃሉ ምን ይሠራል?»፣ ቀጥሎ «ቃሉ ራሱ ምንድን ነው?» በሉ። ሁለቱን በአንድ መልስ አትቀበሉ። «የ»፣ «ከ»፣ «ን» እያስገቡ ይፈትኑ፤ ባለቤቱን ከ«እሱ» ወደ «እኔ» ይቀይሩ። ትርጉሙን ብቻ አይተው እንዲመልሱ አትፍቀዱላቸው።

ስለ ተውሳከ ግስ የሚባሉ ሌሎች የተሳሳቱ አባባሎችን ቶሎ ልለፋቸው። «ከግሱ አጠገብ የመጣ ተውሳከ ግስ ነው» ስህተት ነው፤ «ልጁ ውሃ ጠጣ» ውስጥ ከግሱ አጠገብ ያለው ተሳቢው ነው። «በ‹ኛ› ከጨረሰ ተውሳከ ግስ ነው» የሚለውም አይሠራም፦ «ፈረሰኛ» ስም ነው፣ «ሁለተኛ» ቅጽል ነው።