ካርቦን «መምጠጥ» ማለት ምን ማለት ነው?

ፒያሳ፣ ጎንደር፣ ቡና ላይ ነን። አንድ ወዳጄ «ግማሹን ጭስ ባሕርና ዛፍ ከመጠጡት ታዲያ እኛን ምን አስጨነቀን?» አለኝ። ግራ ያጋባው «መምጠጥ» የሚለው ቃል ነው። ምድርን የሚያሞቀው የጭሱ ጋዝ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ የጠፋ ያስመስላል።

የሰው ልጅ በዓመት ወደ 40 ቢሊዮን ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። ሩብ ያህሉን ውቅያኖስ፣ ከሩብ ትንሽ በለጥ የሚለውን ዕፅዋትና አፈር ይወስዱታል። የቀረው አየር ላይ ይከማቻል።

ውቅያኖሱን ለመረዳት አምቦ ውሃን አስቡ። ጋዙ ውሃው ውስጥ ሟሙቷል። ቀዝቃዛ ጠርሙስ ሲከፈት ብዙም አይገነፍልም፤ ፀሐይ ላይ የዋለው ግን ልብስ ያበላሻል። ባሕርም በሞቀ ቁጥር ጋዝ የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። የያዘውም ቢሆን በነጻ አይደለም። ጋዙ ከውሃ ጋር ተዋህዶ አሲድ ይሆናል፤ ዛጎል የሚሠሩ የባሕር ፍጥረታት ይቸገራሉ።

ዛፍ ሌላ ነው። ጥምቀት ላይ የፋሲል መዋኛን ግንብ በሥሮቻቸው ያቀፉትን ዛፎች አይታችኋል? ያ ሁሉ ግንድ ከአፈር የወጣ ይመስላል። አይደለም። የደረቀ እንጨት ግማሽ ያህሉ ካርቦን ነው፤ እሱም በቅጠል በኩል ከአየር የተወሰደ። ዛፉ ግን ባለአደራ ነው። ከሰል ሆኖ ምድጃ ላይ ሲነድ ወይም ወድቆ ሲበሰብስ፣ የያዘውን ወደ አየር ይመልሳል። በእኔ አስተያየት የችግኝ ሪፖርት ላይ መጻፍ ያለበት የተተከለው ሳይሆን የጸደቀው ነው።

የባጃጁ ቤንዚን ደግሞ ለሚሊዮኖች ዓመታት መሬት ውስጥ ተቀብሮ የነበረ ካርቦን ነው። ለእሱ ዛፉ ቦታ አላዘጋጀም።